ሃምሳ ሰባት ለአንድ

ቼት አስራ ስምንት
ከተራራው ቤት

ለታናሽ ወንድሜ፦

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት ከበደህ ወይስ ለመድከው? ምንም ብናደድብህ የደብዳቤ ወግ አይቀርምና ሰላምታዬን አስቀድሜአለሁ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ነጭ ግንባር ናት። ጣሪያውን ያለፈው ወር በረዶ ሁለት ቦታ በስቶት ነበር፤ ከአጎታችን ጋር ሆነን ደፍነነዋል። የእማዬን ነገር ወደ ኋላ እነግርሃለሁ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ስልክህን ስለዘጋህብኝ ነው። አስራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። የቅስቀሳ ጂፕህን ሲነዳ የከረመው ፑራን ነገ ወደ ሃልድዋኒ ስለሚወርድ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ጓደኛህ ቤት ፎቅ ላይ መጋረጃ ዘግተህ እንደምትውል፣ ሻይ ካልመጣልህም ከአልጋ እንደማትነሳ እሱው ነው የነገረኝ። ምርጫ የተሸነፈ ሁሉ ቢተኛ ኖሮ የዚህ አገር ግማሹ አልጋ ላይ ነበር።

የተሸነፍከው በሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስራ አንድ ድምፅ ነው። ቁጥሩ የጠፋብህ ስለመሰለኝ ነው የጻፍኩልህ። ለክልሉ ምክር ቤት ከተወዳደራችሁት ስድስት ሰዎች ኩንዳን ሲንግ አንደኛ ወጣ፣ አንተ ሦስተኛ። ሦስተኛ መውጣት ነውር የለውም። ፓርቲ ሳይኖርህ፣ በግልህ ቆመህ፣ ያን ያህል ሰው ባልዲ ምልክትህ ላይ ጣቱን ማሳረፉ እኔን አኩርቶኝ ነበር። ነበር ነው ያልኩህ።

ነገሩን ያበላሸው የፑራን ወረቀት ነው። ታዛቢህ ሆኖ ቆጠራው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የየጣቢያውን የድምፅ መስጫ ማሽን ቁጥር ሲገለብጥ ዋለና ማታ አምጥቶ ሰጠህ። ጣቢያ ሰማንያ ሰባት፣ የእኛው መንደር። የተመዘገበ መራጭ ስልሳ አንድ። ሦስቱ ዴልሂ ለዘበኝነት እንደሄዱ ቀርተዋል፤ ድምፅ የሰጠነው ሃምሳ ስምንት ነን። ባልዲ ሃምሳ ሰባት። መነጽር አንድ። መነጽር የኩንዳን ሲንግ ምልክት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሃምሳ ሰባቱን ቤት ለቤት እየዞረ ባመሰገነ ነበር። አንተ ግን አንዷ ላይ ተጣበቅክ። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። በመጨረሻው ስብሰባህ ላይ ማይክራፎኑን አንቀህ ይዘህ፣ ከእኔ መንደር አንዲት ድምፅ ብታመልጥ ሪዜን እላጫለሁ ብለህ ፎክረህ ነበር። ሻይ ቤቱ በር ላይ የሚውሉት ሥራ ፈቶች ወሬውን ሲሰሙ ባለሱቁን ምላጭ አለህ ወይ እያሉ ይጠይቁት ጀመር። ያ ነው ያበገነህ። የሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስራ አንዱን ሰው ቤት ሄደህ መጮህ አትችልም፤ ሪዝህንም መላጨት አልሆነልህም፤ ሚስትህን አባረርክ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው።

ያንን ጠዋት አንተ ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁትም። ግቢው ውስጥ ሩዝና መብራት በሳህን አስቀምጠህ ቤተ ዘመዱን ሰበሰብክ። በፍርድ አምላካችን በጎሉ ስም እያንዳንዱ እጁን ሩዙ ላይ አድርጎ ባልዲን መርጫለሁ ብሎ እንዲምል አዘዝክ። እማዬ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትጠራ ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ የእማዬ ድምፅ የእኔ ነው፣ እሷን ተያት አልከኝ። አጎታችን ማለ፣ ሚስቱ ማለች፣ ልጆቻቸው ማሉ። እኔም ማልኩ። ስለ እኔ መሐላ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሚስትህ ጎምቲ ተራዋ ሲደርስ እጇን አልዘረጋችም። ድምጿንም ከፍ አላደረገችም። ያለችህን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ብቻህን ስትሆን ደጋግመህ እንድታነበው።

«ድምፄን ለማን እንደሰጠሁ ለአባቴም አልነገርኩም፣ ለእርስዎም አልነግርም። ምስጢር ነው ብሎ በካርቶን የከለለልን መንግሥት ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

በቃ፣ ይህች ናት ወንጀሏ። አንተ ደግሞ ማስረጃ አለኝ አልክ። የኩንዳን ሲንግ እናት የቲላሪ መንደር ልጅ ናት፣ ጎምቲም የቲላሪ ልጅ ናት፣ ስለዚህ ፍርዱ አለቀ። በዚህ ዓይነት ከሆነማ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ከኩንዳን ሲንግ ጋር የማይዛመድ ፍየል የለም። ዕቃሽን ይዘሽ ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ አልካት፣ በሰው ፊት።

ከዚያ ምን እንዳደረገች አታውቅም፤ ጂፕህን አስነስተህ ሄደሃላ። ለእማዬ ፀጉር ውሃ አሙቃ ነበር። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ብላ ከቤቱ ጀርባ ሄደች፣ የእማዬን ፀጉር አጠበች፣ ዘይት ቀባች፣ አበጠረች፣ ጎነጎነች። አባቴን አይቼው ልምጣ፣ ጥቂት ቀን ነው አለቻት። ከዚያ ሻንጣዋን ብድግ አድርጋ ቁልቁለቱን ወረደች። እኔ የግቢው በር ላይ እንደ ግንድ ቆሜ አየኋት። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። አንተን ስሰድብ ራሴን እያለፍኩ እንዳይመስልህ። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በአፌ ገብቶ አይጣፍጠኝም።

አሁን ደግሞ ቼት ገባ። ወንድም የሆነ ሁሉ ጣፋጩንና ልብሱን በቅርጫት አድርጎ፣ ቢቶሊዬን እንኪ ብሎ የተዳረች እህቱን ደጅ የሚያንኳኳበት ወር ነው። ሐሙስ ገበያ የጎምቲን ወንድም ዲዋንን አገኘሁት። ልሸሸው ነበር፣ አልሸሸኝም። ቅርጫቱን ገዝቶ ይዞታል፣ ባዶውን። ቀርቦ እግሬን ነካና ጤናዬን ጠየቀኝ፤ ልጁ ጨዋ ነው። ቀጥሎ ያለኝን ግን እስክሞት አልረሳውም።

«እታለም፣ ቢቶሊውን የት ልውሰደው? እህቴ እኔው ቤት ናት። ከጓዳ ወደ ሳሎን ተሸክሜ ልስጣት?»

ወንድሜ ምርጫ ስለተሸነፈ ነው ልበለው? አምስት ዓመት ሙሉ በቼት እየመጣ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ሻይ የጠጣ ሰው ነው። መሬት መሬት እያየሁ ተለየሁት።

እንግዲህ ለምን እንደተሸነፍክ ልንገርህ። ስለ ሌላው ጣቢያ አላውቅም፤ ስለ ቤታችን ግን አውቃለሁ። ከምርጫው ሦስት ወር በፊት የዓይን ሐኪሞች ወረዳው ከተማ መጥተው በነፃ ያክሙ ነበር። እማዬን ወሰድኳት። የዓይን ሞራ ነው፣ በግማሽ ሰዓት የሚገፈፍ ነው አሉኝ። ሰባት ዓመት በግማሽ ሰዓት። ከደስታዬ ብዛት እዚያው አልቅሼ ስሟን አስመዘገብኩ። አንተ በማግስቱ ሄደህ አሰረዝከው። ካሸነፍኩ በኋላ እዚሁ የዓይን ሆስፒታል አሠራለሁ፣ የመጀመሪያዋ ታካሚ እማዬ ትሆናለች፣ ሪባኑንም የምትቆርጠው እሷ ናት አልከኝ። ላም አለኝ በሰማይ። እኔም ሞኟ አመንኩህ።

የገባኝ ጂፑ ላይ ስትጭናት ነው። በዚያ ብርድ ከጠዋት እስከ ማታ፣ አበባ በአንገቷ ላይ ከምረህ፣ ከመንደር መንደር። ይህች እናቴ ሰባት ዓመት ብርሃን አላየችም፣ ያለው መንግሥት ምን አደረገላት እያልክ ትጮሃለህ፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ፑራን ከበሮውን ይደልቃል። ዓይኗ በርቶ ቢሆን ኖሮ ንግግርህ ምን ይውጠው ነበር? ደግሞም ቀልድ ጨመርክበት። ኩንዳን ሲንግ ለእናቴ መነጽር ሊሰጣት ነው፣ ምን ልታደርግበት ስትል አገር ሳቀ። እሷም ጂፑ ላይ ሆና የሰዉን ሳቅ ሰማች። በሦስተኛው ቀን ማታ እግሯን በሙቅ ውሃ ሳጥባት ሽንቷን ቀኑን ሙሉ ይዛ እንደዋለች ነገረችኝ፤ ወንዶች መካከል አውርዱኝ ማለት አፍራ። ቀጥላም፣ ልጄ የበዓል ዝሆን አደረገኝ አለች። ይህንንም ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የምርጫው ቀን ጎምቲ ልምራዎት ብላ ክንዷን ስትይዛት እማዬ እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀቻት። አንቺ ተይኝ፣ ትልቋ ትውሰደኝ አለች። ጎምቲ ከፋት። እኔም ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ በየቀኑ የምትመራት እሷ ሆና ሳለ ዛሬ ምን ተገኘ ብዬ ገረመኝ።

ትምህርት ቤቱ ደርሰን በመጀመሪያ የራሴን ድምፅ ሰጠሁ። የግራ ሌባ ጣቴን ቀለም ቀቡኝ። ከዚያ የእማዬ ተራ ሆነ። ዓይነ ስውር መራጭ ይዞ የገባ ሰው ፎርም ይሞላል፤ ለማን እንደተጫንኩላት ለማንም አልናገርም ብዬ ፈረምኩ። ሌላ ሰው ደግሜ ይዤ እንዳልገባ ሹሙ ቀኝ ሌባ ጣቴንም ቀባኝ። ሁለት ጣቴ ጠቆረ ብዬ ስስቅ ሹሙም ሳቀ። ካርቶኑ ጀርባ ገብተን ምልክቶቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ በጆሮዋ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ የምትፈልገውን ነገረችኝ። የተሳሳተች መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ። ተጫንኩ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ወጣን። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ፈርሜአለሁ።

ወደ መሐላዬ ልመለስ። ሩዙ ላይ ያደረግኩት ግራ እጄን ነው። አጎታችን፣ በግራ እጅ ይማላል እንዴ ብሎ ሲቆጣኝ አንተው ነህ ተዋት፣ የመረጠችበት ጣት ነው ያልከው። እኔም በዚህ ጣት የተጫንኩት ባልዲን ነው ብዬ ማልኩ። እውነት ነው፤ በሐሰት ከሆነ ጎሉ ይፍረድብኝ። ሌላውን እጅሽንም አምጪ ያለኝ ሰው ግን የለም። አንተ ደግሞ ቤተ ዘመዱን ሁሉ ስትመረምር ያለፍከው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጎምቲ እንዳልሆነች አውቃለሁ። እንዴት አወቅሽ አትበለኝ።

አሁን የእማዬን ነገር ልንገርህ። ቆጠራው ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሞቹ ተመልሰው መጡ። አንተን አላስፈቀድኩም፤ ስልክህ ዝግ ነው፣ ብትከፍተውም አላስፈቅድህም ነበር። የግራ ዓይኗን ሠሩላት። በማግስቱ ጨርቁን ሲያነሱላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። አርጅተሻል አለችኝ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በተሳፈርንበት ጂፕ መስኮት ስታይ መጣች። የቡራንሽ ዛፉ አብቧል፤ ተራራው ቀልቷል። እሱን እያየች ደረሰች።

ሱቁ ጋ ስንወርድ ግድግዳው ላይ የቅስቀሳ ፖስተርህ አለ፤ ጂፑ ላይ አብራችሁ የቆማችሁበት። አንተ እጆችህን አጋጥመህ ትስቃለህ፣ እሷ አበባው ውስጥ ተቀብራለች። ጠጋ ብላ አየችና፣ ይህች ምስኪን አሮጊት ማናት አለችኝ። አንቺ ነሽ አልኳት። ባለሱቁ ራሱ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። ከዚያ ቅደጂው አለችኝ። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ የእሷን ግማሽ ብቻ ነው ልልጥ የቻልኩት። አንተ እንደሳቅክ ግድግዳው ላይ አለህ።

ቤት እንደገባን ጎምቲ የታለች፣ ጥሪልኝ አለች። አባቷን ልትጠይቅ ሄዳለች የሚለውን እስካሁን ይዘንላት ነበር። ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ሳላይ ነበር የምዋሻት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ሻንጣው። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ያለችኝን ስማ። አምስት ዓመት አጠበችኝ፣ አበላችኝ፤ እጇን ከሺህ እጅ እለየዋለሁ፣ ፊቷን ግን አላውቀውም አለች። አሁን ጠዋት ጠዋት መንገዱን ወደሚያሳየው ድንጋይ ትወጣና ትቀመጣለች። ሣር የተሸከመች ሴት ብቅ ባለች ቁጥር፣ ይህች ናት ወይ ትለኛለች። አይደለችም እላታለሁ። በቀን አስር ጊዜ አይደለችም ማለት ምን እንደሆነ አንተ አታውቅም።

የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ፣ ወንድሜ። የቆጡ ግድ የለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ምርጫ አለ። የብብትህን ግን ሄደህ አንሳ። ቲላሪ የምትሄደው በጂፕ አይደለም፣ በእግርህ ነው። ፑራንን ይዘህ አትሂድ፣ ከበሮም አያስፈልግም። አባቷ ፊት ተቀመጥና በደልኩ በል። ይህችን ቃል ማይክራፎን ሳይኖር መናገር ከከበደህ መንገድ ላይ እየተለማመድክ ሂድ። ጎምቲ አልመጣም ካለችህም መብቷ ነው፤ በማግስቱ ደግመህ ሂድ።

ባሌ ሞቶ ወደዚህ ቤት ከተመለስኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። እዚሁ ስለምኖር በቼት ቢቶሊ አምጣልኝ ብዬህ አላውቅም። ዘንድሮ ግን እጠይቅሃለሁ። ጣፋጭ አልፈልግም፣ ልብስ አልፈልግም፤ ጎምቲን አምጣልኝ። ወሩ ሳያልቅ ካላመጣሃት የሚቀጥለውን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንተ አይደለም። ቴምብር ያለበት ወረቀት ገዝቼ፣ በደልህን ከነቀኑ ጽፌ፣ ጎሉ ደጅ፣ ተበዳይ ሁሉ አቤቱታውን በሚሰቅልባቸው ደወሎች መካከል አስረዋለሁ። እሱ ስልኩን አይዘጋም።

ለሪዝህ አትጨነቅ። ሻይ ቤቱ ረስቶታል፤ አሁን የሚያወሩት ስለ ኩንዳን ሲንግ አዲስ መኪና ነው።

ምንም ብልህ የእናቴ ልጅ ነህ፤ ጡቷን ስትጥል በጀርባዬ ያዘልኩህ እኔ ነኝ። ጎሉ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልብህን ወደ ቦታው ይመልስልህ። የሄድክበት መንገድ ይቅናህ፣ ስትመለስም ሁለት ሆናችሁ ተመለሱ። ምግብ ብላ፣ መጋረጃውን ክፈት።

ታላቅ እህትህ

ደብዳቤውን ከማጠፌ በፊት እማዬ አንብቢልኝ ብላኝ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ስለ ቀኝ ጣቴ የጻፍኩት ጋ ስደርስ አንገቷን ነቀነቀች። መፈረሜ ትዝ ብሎኝ እስክሪብቶዬን አንስቼ ልሰርዘው ስል እጄን ያዘችኝና እንዲህ አለች።

«አትሰርዢው፣ ይቆይ። ደግሞ በቀን ብርሃን ይዟት ይምጣ በይው። ከታች ስትመጣ ላያት እፈልጋለሁ።»